አሳማሪው ያጠፋው ነጥብ

የሰፈሩ ሰው «አሳማሪው» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የግብር መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ማንሳትማ ዘንድሮ ስልክ የያዘ ሁሉ ያነሳል፤ የእሱ ሙያ የሚጀምረው ካነሳ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ከአንዱ ግንባር መጨማደድ፣ ከሌላው ጉንጭ ብጉር ይለቅማል። የሳሳ ፀጉር ያበዛል፣ ያበጠ ዓይን ያስተካክላል። አንድ ጡረተኛ እሱ ዘንድ የተነሳውን ፎቶ ይዞ ባንክ ቢሄድ «ልጅዎ ራሱ ይምጣ እንጂ» ብለው መለሱት እየተባለ ይወራል። ወሬውን ያስወራው ራሱ አሳማሪው ነው የሚሉም አሉ።

ይሁንና አንድ የማይነካው ነገር ነበረው፤ የሕፃን ፊት። የስቱዲዮው በር ላይ በቀይ ቀለም «የሕፃናትን ፊት አንነካካም» ብሎ ጽፎ ለጥፏል። እናቶች «እባክህ፣ ይቺን ጭረት ብቻ» ብለው ቢለምኑት «እግዜር ጨርሶ ያስረከበውን እኔ ማን ነኝና ነው የማርመው?» ብሎ ይመልሳቸዋል። በዚህ አቋሙ የተከበረ ሰው ሆነ። ሚስቱ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ተማሪ ሲዋሻት ከዓይኑ የምታነብ ሴት ናት። በባሏ ሥራ ከምንም በላይ የምትኮራው በዚያች በር ላይ ባለችው ጽሑፍ ነበር።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ያን ጽሑፍ የለጠፈው ሰውዬ በገዛ ቤቱ የገዛ ልጁን ፊት ሲነካካ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሚጡ ገና መሳቅ የጀመረች ሰሞን፣ አባቷ አንድ ቀን ድዷን ሁሉ አሳይታ ስትስቅ ቀጭ አደረጋት። ኮምፒውተሩ ላይ አስፍቶ ሲያያት፣ ከታችኛው ከንፈሯ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካች የመሰለች ሰማያዊ ነጥብ አየ። ከንፈሯ ካልተገለበጠ አትታይም። አሳማሪው አላሰበም፤ እጁ ከልቡ ቀድሞ ነጥቧን አጠፋት። «ለዚች ለአንዷ ፎቶ ብቻ» አለ ለራሱ። የመጀመሪያ ልጁ ናት፣ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፣ ማን ይፈርድበታል! ቀጥሎ ሲያነሳት ነጥቧ እዚያው አለች። አሁን ቢተዋት ደግሞ የመጀመሪያው ፎቶ ሊያጋልጠው ነው። አጠፋት። ከዚያ በኋላማ ማጥፋቱ እንደ እጅ መታጠብ ሆነበት። የሳሎኑ ግድግዳ በሚጡ ሳቆች ሞላ፤ ሁሉም ንጹሕ።

ዝም ያላሉት አማቱ ብቻ ነበሩ። አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ልጅቷን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የሚውሉትም እሳቸው ናቸው።

«ይቺ ልጅ ከንፈሯ ውስጥ ሰማያዊ ነገር አለባት፤ ስትወለድም ነበረ» ይላሉ።

ሚስቱ ታዲያ በአስተማሪ ጣቷ ወደ ግድግዳው ትጠቁማለች። «እማዬ፣ ይኸው ፎቶው። የታለ? ሰሞኑን ነክሳው የጠቆረ ነው እኮ።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን ተራ በተራ ያያሉ። «እንግዲህ ዓይኔ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። አማችየው ደግሞ ሻዩን ፉት እያለ የመስኮቱን መጋረጃ ያጠናል። ሚስቱ አልዋሸችም፤ በየቀኑ የምታየው ግድግዳውን ነውና የምታስታውሰውም እሱን ሆነ።

ሚጡ አምስት ዓመት ሲሞላት ከትምህርት ቤት ዥዋዥዌ ላይ ወድቃ ያንኑ ከንፈሯን ነከሰችው። ቁስሉ አልድን አለ። እያደር ከላዩ ቀይ፣ እርጥብ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ሥጋ በቀለችበት። የጥርስ ብሩሽ ሲነካት ትደማለች፣ ማንኪያ ሲነካት ትደማለች፣ ልጅቷ ስትስቅ የገዛ ጥርሷ ሲነካት እንኳ ትደማለች። ሚጡ መሳቅ ተወች። ስትናገር ከንፈሯን በእጇ ትሸፍናለች፤ የክፍል ጓደኞቿም ደሙን እየፈሩ አጠገቧ መቀመጥ ጠሉ። ይህን ያየች እናት ልጇን ይዛ ወደ ሕፃናት የአፍና የጥርስ ሐኪም ገሰገሰች። ባልና አማትም ከኋላ ተከተሉ።

ሐኪሟ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ወደኋላ የሚተኛ ወንበር፣ ከላዩ ክብ መብራት፣ ምራቅ የሚስብ ቱቦ፣ ልጆች ራሳቸውን የሚያዩበት እጀታ ያለው መስታወት። ሚጡ አፌን ሞቼ አልከፍትም አለች። ለመኗት፣ አባበሏት፤ በመጨረሻ የከፈተችው ለመጮህ ነበር። በጩኸቱ መሃል ቁስሉ ደማና ደሙ ሁሉን ነገር ሸፈነው። ሐኪሟ አልታገለቻትም። በንጹሕ ጨርቅ ተጭና ደሙን አቆመችና ወደ ቤተሰቡ ዞረች።

«አትደንግጡ፤ ካንሰር አይደለም» አለች መጀመሪያ። «የደም ስር እብጠት ነው። ግን ዓይነቱ አንድ አይደለም። አንዱ ልጁ ከተወለደ በኋላ ብቅ ይልና የመጀመሪያውን ዓመት አድጎ፣ ከዚያ ቀስ እያለ በራሱ ይከስማል። አንዱ ቁስል ላይ የሚበቅል ነው፤ እሱን እዚሁ ወንበር ላይ ቆርጬ አወጣዋለሁ። አንዱ ግን ከልጁ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ከስሩ ግን የደም ከረጢት አለው። እሱን እንደ ቀላሉ ብቆርጠው ደሙን እዚህ ማቆም ላይሆንልኝ ይችላል። ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ አስታውሱ፤ ስትወለድ ነበረ?»

«ነበረ» አሉ አማት።

«አልነበረም» አለች ልጃቸው። «እማዬ፣ እባክሽ! ዶክተር፣ ባለቤቴ ፎቶ አንሺ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ያላነሳበት ወር የለም። ይኸው ይመልከቱ።» ስልኳን አቀበለቻት።

ሐኪሟ ፎቶዎቹን እያሰፋች አየች። ከንፈሩ ሁሉም ላይ ንጹሕ ነው። «የተስተካከለ ነገር የለውም?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ? የሕፃን ፊት? በሩ ላይ ሳይቀር ጽፏል እኮ!»

ሐኪሟ ወደ አባትየው ዞር አለች። አሳማሪው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «አዎ፣ ጽፌያለሁ» የሚል ብቻ ነበር። ጽፏልማ! ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ በጥፊ ልለው ያምረኛል፤ ግን ታሪኩ ይቀጥል።

«እንግዲያው ከቁስሉ የመጣ ነው» አለች ሐኪሟ። «በሚቀጥለው ሳምንት አደንዝዘን እናወጣዋለን።»

ያ ሳምንት ለአሳማሪው መከራ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ ከራሱ ጋር ሲሟገት ይውላል። «ያኔ ያጠፋኋት ነጥብ ሰማያዊ ነበረች፤ ይሄ ቀይ ነው። ያቺ አንድ ቀን ደምታ አታውቅም፣ ይሄ ሲነካ ይደማል። ምን አገናኛቸው?» ሙግቱን ሁልጊዜ ይረታል፤ በረታ ቁጥር ግን እንደገና ይጀምረዋል። ያልተነካኩት ኦሪጅናል ፎቶዎች እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ ከፍቶ ማየት ብቻ ነበር። ማውሱን እዚያ ድረስ ይወስደውና ይመልሰዋል። አንዲት ደንበኛ መጥታ ድርብ አገጯን ቀነስ እንዲያደርግላት ብትጠይቀው፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ አገጯን ከነአንገቷ አጠፋው። ሴትዮዋ እየተራገመች ወጣች።

የፈራው ሐኪሟን አይደለም። የፈራው የሚስቱን ዓይን ነው። «ልጄን እንዳለች አልወደድካትም ማለት ነው?» ብትለው ምን ይመልሳል? የልጁን ደም ከሚስቱ ዓይን ጋር እየመዘነ ሳምንቱን ፈጀው፤ መመዘኑ ራሱ እንደሚያሳፍር ያውቃል፣ ግን አልተናገረም።

ቀኑ ደረሰ። ሚጡ የዚያን ዕለት ጎበዝ ሆናለች። አያቷ ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ ሐኪሟም «የኔ ጀግና፣ አሁን ወንበሩ አልጋ ሊሆን ነው» አለችና ቁልፉን ተጫነች። ወንበሩ ወደኋላ ተኛ፤ የሚጡ ራስ ዝቅ አለ። አሳማሪው በራስጌዋ በኩል ቆሞ እጇን ይዟል። ሐኪሟ ጀርባዋን ሰጥታ የማደንዘዣውን መርፌ ትሞላለች። ክቡ መብራት የልጅቷን የተከፈተ አፍ ወለል አድርጎ ያሳያል።

አሳማሪው አየ። ራሷ ዝቅ ሲል ከቀይዋ ሥጋ ሥር ያለው ከንፈር ቀስ እያለ ሞላ፤ ሲሞላም በዙሪያዋ ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቀለም ይረሳ ይሆናል። እሱ ግን ያን ሰማያዊ ዓመታት ሙሉ በገዛ እጁ ሲያጠፋው ኖሯል፤ ከሺህ ሰማያዊ መሃል ይለየዋል። ያችው ነጥብ ናት። ፎቶ ላይ ስትጠፋ ከንፈር ውስጥ ስታድግ ኖራለች።

ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ዞረች።

«ይቆዩ! ዶክተር፣ ይቆዩ! እንዳይነኳት!»

ሐኪሟ መርፌውን እንደያዘች ቆመች።

«ፎቶዎቹ ውሸት ናቸው» አለ። «ከተወለደች ጀምሮ ነበረ። ሰማያዊ ነጥብ ነበረች። በየፎቶው ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እማማ እውነታቸውን ነው።»

ሚስቱ ዞራ አየችው፤ የፈራው ዓይን ይኸው መጣ። መጀመሪያ የተናገሩት አማቱ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ! ዓይኔ ነው ብዬ ስንቴ መነጽር አስቀየርኩ!»

ሐኪሟ መርፌውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ጊዜም አላጠፋችም። ከመሳቢያዋ አንዲት ስስ፣ ጠፍጣፋ ብርጭቆ አወጣችና ሰማያዊው ላይ በቀስታ ተጫነች። በብርጭቆው ሥር ቀለሙ ሸሽቶ ከንፈሩ ነጣ። ስታነሳው ሰማያዊው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሚጡን ቁጭ አድርጋ ራሷን ወደ ጉልበቷ እንድትደፋ አደረገች፤ ቀና ስትል ከንፈሩ ይበልጥ አብጧል። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች።

«ከረጢት አለው። ቀይዋ ሥጋ በቁስሉ የመጣች ናት፤ የበቀለችው ግን በእሱ ላይ ነው» አለች። «ባለፈው ዝቅ አድርጌ ሳላያት መወሰን አልነበረብኝም፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ኦሪጅናሎቹን አጥፍተዋቸዋል?»

«አሉ።»

«ታዲያ ምን ያስቆምዎታል?»

አሳማሪው እግሬ አውጪኝ አለ። ስቱዲዮው ደርሶ ሲመለስ ሸሚዙ ከወገቡ ወጥቶ፣ መነጽሩ ተጣሞ፣ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ደረቱ ላይ እንደ ጨቅላ አቅፎ ነበር። በሐኪሟ ኮምፒውተር ላይ ተራ በተራ ተከፈቱ። መጀመሪያ ነጥብ፣ ቆይታ ምስር፣ ከዚያ ባቄላ። አልትራሳውንዱም ያንኑ መሰከረ፤ በከንፈሯ ውስጥ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ደም የሞላበት ጉድጓድ አሳየ። ከሥሩ የሚነዝር ትልቅ የደም ቧንቧ ግን የለም፤ የተፈራው እሱ ነበር። ሐኪሟ ፊቷ ፈካ። «ይሄን እናሸንፈዋለን» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችው።

«አፍረህባት ነው?»

«አይደለም። ፈርቼ ነው። ሰው እንዳይስቅባት።»

«እሷ ራሷ መሳቅ ትታለች እኮ!» አለችና አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። አማቱ በመሃላቸው ገብተው ተቀመጡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ። «ይኸው አወጣው፤ እንኳን በጊዜው አወጣው። አሁን ልቅሷችሁን አቁሙና ልጅቷን አሳክሙ። እሱን በኋላ አብረን እንቀጣዋለን።»

ሕክምናው በትልቁ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ተጀመረ። ሚጡ በማደንዘዣ ተኛች። ሐኪሟና አልትራሳውንዱን የያዘው የምስል ሐኪም ስክሪኑን እያዩ ቀጭኗን መርፌ ከረጢቱ ውስጥ አስገቡና የደም ስሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዲደርቁ የሚያደርግ መድኃኒት ወጉበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሯ ከድሮው ብሶ አበጠ። ሐኪሟ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ አያት ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ሐኪሟንም መርፌውንም የፈጠራቸውንም ሲያማርሩ ከረሙ። ከዚያ እብጠቱ መጉደል ያዘ። ጎደለ፣ ጎደለ፣ ከቀድሞውም አነሰ። ሁለተኛ ተወጋች፤ ሰማያዊው ገረጣ። ሦስተኛ ተወጋች፤ ጨርሶ ደከመ። ያኔ ቀሪዋን ቀይ ሥጋ ሐኪሟ ቆርጣ አወጣቻት፤ የወጣው ደም አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አላረጠበም።

በዚህ ሁሉ መሃል አሳማሪው ሥራ ተሰጥቶታል። «በየሳምንቱ ያንሷት» አለችው ሐኪሟ። «በአንድ ዓይነት መብራት፣ በአንድ ዓይነት ርቀት። እና...»

«አልነካካም» አለ ሳታስጨርሰው።

ትንሽ ማስመሪያ ከንፈሯ አጠገብ እያስያዘ፣ ወንበሩን ያኖረበትን ቦታ በወለሉ ላይ ምልክት አድርጎ አነሳት። በሕይወቱ እንዲህ ተጠንቅቆ ያነሳው ፎቶ የለም። ለሠርገኛ ያልሰጠውን ትዕግሥት ለአንድ ከንፈር ሰጠ። ሐኪሟም መቼ ደግማ እንደምትወጋ የምትወስነው ከምርመራዋ ጋር እነዚያን ፎቶዎች ደርድራ ነበር።

የመጨረሻው ምርመራ ዕለት ያቺ ጠባብ ክፍል በቤተሰቡ ተጨናነቀች። ሐኪሟ ወንበሩን አስተኛች። ከንፈሩ ዝም አለ። በብርጭቆው ተጫነች፣ አነሳች፤ አሁንም ዝም አለ። ከንፈሩ ላይ ከቀረች ቀጭን ጠባሳ በቀር ሮዝ ነው፣ እንደማንኛውም ልጅ ከንፈር።

«አልሞላም» አለች ሐኪሟ።

«አልሞላም?» አለች እናት።

«አልሞላም!» አለች ሐኪሟ፣ ለስላሳ ድምጿን ረስታ። «አልፎ አልፎ እያመጣችሁ ታሳዩኛላችሁ እንጂ፣ ድነናል!»

አያት እልልታውን አቀለጡት። ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ በሩን በርግዳ ገባች። ሚጡ እጀታ ያለውን መስታወት አንስታ ከንፈሯን በጣቷ ገልብጣ አየች፤ ነካችው፤ ደግማ ነካችው። አልደማም። ከዚያ ሳቀች። በወለቁት ጥርሶቿ ክፍተት ትንፋሽ እያፏጨ፣ ድዷ ሁሉ እየታየ፣ እጇን ወደ አፏ ሳታነሳ ሳቀች። አባቷ ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል።

«አንሳት እንጂ!» ጮኸችበት ሚስቱ። እሷም እየሳቀች ነው።

አነሳት።

በዚያው ሳምንት የሳሎኑ ግድግዳ ተገለበጠ። ንጹሐኑ ፎቶዎች ወርደው ኦሪጅናሎቹ ተሰቀሉ፤ ነጥቧ፣ ምስሯ፣ ባቄላዋ፣ በመጨረሻም ባለ ጠባሳዋ ሳቅ። ሚስቱ ነገር ከጀመረች አትመለስምና የራሷን የሠርግ ፎቶም ኦሪጅናሉን አስወጣችው። ለካ ሰውዬው አፍንጫዋን ቀነስ አድርጎባት ኖሯል! ለዚያ ደግሞ ለብቻው ተቀጣ። አማቱ ግን የእሳቸው ፎቶ ላይ ሲደርስ እጁን ያዙት። «የኔን ተወው» አሉ። «እኔ በሽታ የለብኝም።» የበሩ ላይ ጽሑፍ እንዳለ ነው። ሚስቱ ገንጥለህ ጣለው ብትለው «አሁን እኮ ነው እውነት የሆነው» ብሎ ለመናት፤ ተወችው።

ዛሬ አሳማሪው በሳምንት አንድ ቀን ስቱዲዮውን ዘግቶ ወደ ሐኪሟ ዘንድ ይሄዳል። የሚያነሳው የሕፃናት አፍ ነው፤ ምላስ፣ ድድ፣ ከንፈር፣ ከነእብጠቱ። የሙያ ጓደኞቹ «ከሙሽራ ወደ ምራቅ ወረድክ» እያሉ ያላግጡበታል። እሱ ግን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ የሄደበት ሥራ የለም። ከእሱ ፎቶዎች ተነስታ ሐኪሟ ለስንቱ ወላጅ «ተረጋጉ፣ ይሄ በራሱ ይከስማል» ስትል፣ ለስንቱ ደግሞ «ይሄንስ ዛሬውኑ እንጀምር» ስትል ሰምቷል።

ባለፈው አንዲት ወጣት እናት ጨቅላ ልጇን ታቅፋ መጣች። የልጁ የላይኛው ከንፈር ላይ ደማቅ ቀይ እብጠት አለ፤ እሷ ግን በመዳፏ ሸፍናዋለች። ካሜራውን ስታይ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ፎቶው ላይ ልታጠፋልኝ ትችላለህ? አባቱ ያለው ሩቅ አገር ነው። እስካሁን አልነገርኩትም። እንዲህ ሆኖ እንዲያየው አልፈልግም።»

አሳማሪው ካሜራውን አውርዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አጠፋው ነበር፤ እችልበታለሁ» አላት። «ግን እኔ ያጠፋሁት እንደሆነ እዚያ ክፍል ያለችው ሐኪም በየጊዜው ሲለወጥ አታየውም። እሷ ካላየችው ደግሞ አይጠፋም፣ እህቴ።»

ወጣቷ እናት ወደ ክፍሉ በር አየች፤ ወደ ልጇ አየች። ከዚያ መዳፏን ከልጇ አፍ ላይ አነሳች።